«ነፍሱን አያውቅም» ከማለታችን በፊት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት መኪናው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ራሷ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን፣ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ደረቅ ወደቡም፣ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎቹም፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም የሚኖሩት በከባድ መኪና ነው። ከባድ መኪናና ገደል በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ደግሞ የጭንቅላት ጉዳት አለ። በ2010 ዓ.ም መጋቢት ወር በዚሁ በደቡብ ወሎ ዞን በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። የሞተው ይቆጠራል፣ ይቀበራል፣ ይለቀሳል። ጭንቅላቱ ተመትቶ ትንፋሹ ያልቆመው፣ ዓይኑ ተገልጦ ሲጠሩት የማይመልሰው ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ በቅጡ አይገባም። ስለ እሱ ዘመድም፣ ጎረቤትም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም የሚሉት አንድ ነው፦ «ነፍሱን አያውቅም»።

አማርኛችን በዚህ አባባል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። ነፍስ አለች፣ አልወጣችም ይላል፤ ባለቤቷ ግን አያውቃትም ይላል። የመጀመሪያውን ትንፋሹን አይተን እንመሰክራለን። ሁለተኛውን በምን አወቅነው? ስንጠራው አልመለሰም፣ ጨብጥ ስንለው አልጨበጠም። እጁ ስላልታዘዘን ውስጡ ባዶ ነው ብለን ፈረድን ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህን ፍርድ በመቃወም ነው። «እዚህ ሰው የለም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ሰው ይኑር አይኑር አላወቅንም» ማለት ሌላ ነው፤ «ሰው ቢኖርም የምናደርግለት አቅም የለንም» ማለት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሐኪም፣ አልጋና ገንዘብ ባጠረበት አገር ሦስቱ ይደባለቁና በመጀመሪያው ስም ይነገራሉ። አቅም ያጣነው እኛ ሆነን ሳለ፣ የለም የሚባለው እሱ ይሆናል።

የነገሩን ከባድነት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የተደረገውን ምርመራ ማስታወስ ይገባል። አንዲት የ23 ዓመት ወጣት በመኪና አደጋ ጭንቅላቷ ተጎድቶ ለአምስት ወራት ያህል ምንም ምላሽ ሳትሰጥ ተኝታለች። ዓይኗ ይገለጣል፣ ይከደናል፤ ትተኛለች፣ ትነቃለች። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ «ቬጀቴቲቭ ስቴት» የሚሉት፣ ስለ ራስም ስለ አካባቢም ምንም አያውቁበትም የተባለው ሁኔታ ነው። አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ የትኛው የአንጎል ክፍል እየሠራ እንደሆነ የደም ፍሰቱን ተከትሎ በሚያሳይ የኤምአርአይ ዓይነት ውስጥ አስገቧትና ሁለት ነገር ጠየቋት። ቴኒስ ስትጫወቺ በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺ አሏት፤ ቀጥሎም ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዘዋወሪ ተመልከቺ አሏት። ቴኒሱን ሲጠሩ እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል፣ ቤቱን ሲጠሩ ቦታን የሚያስታውሰው ክፍል ሠራ፤ ልክ በጤነኛ ሰው አንጎል እንደሚሆነው። ጣቷን ማንቀሳቀስ ያልቻለች ሴት ትእዛዝ ሰምታ፣ ተረድታ፣ ፈቅዳ ፈጽማለች። ከአራት ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ከተመረመሩ 54 ታካሚዎች 5ቱ አንጎላቸውን በፈቃዳቸው ማዘዝ እንደቻሉ ታየ፤ አንደኛው ስለ አባቱ ስምና ስለመሳሰለው ለቀረቡለት ጥያቄዎች «አዎ» ለማለት አንዱን፣ «አይደለም» ለማለት ሌላውን እያሰበ መለሰ።

እነዚህ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ብርቅ አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ትልቅ ጥናት ይህን አሳብ ለመያዝ አስቸጋሪ አደረገው። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ 6 ማዕከላት፣ በአልጋቸው አጠገብ ሲታዘዙ ምንም ምላሽ ያላሳዩ 241 ሰዎች በኤምአርአይ ወይም የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚለካው ኢኢጂ ተመረመሩ። 60ው፣ ማለትም ከአራቱ አንዱ፣ በአንጎላቸው ትእዛዝ ሲፈጽሙ ተገኙ። በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ቁጥር አለ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው። በግልጽ ሲታዘዙ የሚታዘዙ፣ ሕሊናቸው ያለ ለመሆኑ ማንም የማይጠራጠርባቸው 112 ሰዎችም በዚሁ ምርመራ አልፈው ነበር። መሣሪያው ያገኘው 43ቱን ብቻ ነው። 69ኙን በዓይናችን እያየናቸው መሣሪያው አላያቸውም። እንግዲህ «በመሣሪያ ታየ፣ ምንም የለም» የሚል ቃል ፍርድ ሊሆን አይችልም። መሣሪያው ሰው አለ ሲል ሊታመን ይችላል፤ ዝም ሲል ግን ዝምታው የመሣሪያው ይሁን የሰውየው አይለይም። እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ «የለም» ለማለት ሥልጣን ካጣ፣ በችኮላ አንዴ የተጠራ ስም ይህን ሥልጣን ከየት ያመጣዋል?

በደቡብ ወሎ የተኛ ታካሚ ይህን ምርመራ አያገኝም፤ ክርክሩ እዚህ የሚያበቃ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። የሚያበቃ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ከተሰወሩት ሰዎች ብዙዎቹን የሰወራቸው የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን የአመረማመር ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በለንደን በሚገኝ አንድ የነርቭ ጉዳት ሆስፒታል ምንም አያውቁም ተብለው ከተላኩ 40 ታካሚዎች 17ቱ የሚያውቁ ሆነው ተገኙ፤ ብዙዎቹ ዓይነ ስውር ወይም ዓይናቸው በጣም የደከመ ስለነበረ የሚያሳዩዋቸውን ነገር በዓይን ባለመከተላቸው ነበር የተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በቤልጂግ በተደረገ ጥናት ሐኪሞች ተስማምተው ንቃተ ሕሊና የላቸውም ካሏቸው 44 ሰዎች 18ቱ ሥርዓት ባለው የአልጋ አጠገብ ምርመራ ጥቂት ግን እርግጠኛ ንቃት አሳዩ። ይህ ምርመራ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ታካሚውን በስሙ መጥራት፣ የሚችለውን ቀላል ነገር ማዘዝ፣ አራት ጊዜ ማዘዝ፣ ስንቱን እንደፈጸመ መጻፍ፣ ፊቱ ላይ መስታወት ይዞ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ዓይኑ የራሱን መልክ ይከተል እንደሆነ ማየት ነው። መስታወት የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም፤ ከሚንቀሳቀስ ሰውና ከሚንቀሳቀስ ዕቃ ይልቅ ብዙ ታካሚዎች የሚከተሉት የራሳቸውን ፊት ሆኖ ስለተገኘ ነው። ዋናው ነገር መደጋገሙ ነው። የተጎዳ አንጎል ጠዋት ይመጣል፣ ከሰዓት ይሄዳል፤ ማስታገሻ መድኃኒት፣ ትኩሳት፣ የሳንባ ምች ይከድነዋል። በአንድ ጉብኝት የተሰጠ «ጂሲኤስ»፣ ሐኪሞች የንቃትን ደረጃ የሚለኩበት ነጥብ፣ በዚያች ደቂቃ የታየውን ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ለመተንፈሻ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ የገባለት ሰው ደግሞ ከመናገር የሚያገኘው ነጥብ ቀድሞ ተወስዶበታል።

እዚህ ላይ ከኮምቦልቻ ሆኖ ካልታሰበ በቀር የማይታይ አንድ ነገር አለ። በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚጎዳ ሰው አፍ የፈታው በአማርኛ ላይሆን ይችላል። ባቲን አልፎ አፋር ነው፤ በደቡብ በኩል ከሚሴ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በመካከል የአርጎባ መንደሮች አሉ፤ ሾፌሩ ከትግራይ፣ ረዳቱ ከሶማሌ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው በአማርኛ «ዓይንህን ጨፍን» ብሎ አዝዞ አልጨፈነም ብሎ መጻፍ፣ የአንጎል ምርመራ ያልሆነ የቋንቋ ፈተና ሰጥቶ ወድቋል ማለት ነው። በትምህርት የተገኘ ሁለተኛ ቋንቋ በጉዳት ጊዜ ሊርቅ፣ የእናት ቋንቋ ሊቀር እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። በካርዱ ላይ ምን ተጠየቀ ከሚለው በፊት በምን ቋንቋ ተጠየቀ የሚል መስመር ቢኖር ወጪው አንድ የቀለም ጠብታ ነው። በመሣሪያ የሚደረገው ይህ ዓይነት ምርመራ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜም ይኸው ጥያቄ ይከተለዋል፤ ለወረኢሉ ገበሬ ቴኒስ ተጫወት ማለት ምንም ማለት አይደለም። ጤፍ ማጨድ፣ ቡና መውቀጥ፣ ከቤት ተነስቶ ወደ ገበያ የሚሄድበትን መንገድ ማሰብ ነው የሚገባው፤ ይህን ጥናት ደግሞ የእኛ ሰዎች ካልሠሩት ማንም አይሠራልንም።

ምርመራውን ማን ይደጋግመው? ነርሷ ብዙ አልጋ አለባት፣ ሐኪሙ ሮጦ ነው የሚያልፈው። የእኛ ሆስፒታሎች ግን ሀብታም አገር የሌለው አንድ ነገር አላቸው፤ አስታማሚ። ሌሊቱን መሬት ላይ አንጥፋ የምታድር እናት፣ የምታገላብጥ እህት፣ የሚያጥብ ወንድም ከማንም በላይ ያንን ፊት ያዩታል። «ስጠራው እንባው መጣ»፣ «ልጁ ሲገባ ዓይኑ ዞረ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ የሐዘን ምኞት ነው የሚል ነው። የደቡብ አፍሪካው ማርቲን ፒስቶሪየስ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1988 በ12 ዓመቱ ታሞ ሁሉን አጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕሊናው ተመለሰ፤ የተመለሰለት መሆኑን ግን ለዓመታት ማንም አላወቀለትም። ያወቀችለት በሚውልበት የእንክብካቤ ቤት ሰውነቱን ታሸው የነበረች ሠራተኛ ናት፤ ዓይኑን አይታ፣ ይመርመር ብላ ወተወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመርምሮ በኮምፒውተር መነጋገር ጀመረ፣ ኋላም መጽሐፍ ጻፈ። በሌላ በኩል የቤልጂጉ የሮም ሁበን ጉዳይ ያስጠነቅቃል። ለ23 ዓመታት እንደሌለ ተቆጥሮ የኖረ ሰው ነበር፤ ንቃቱ በሐኪሞች ምርመራ ከታወቀ በኋላ እጁን ይዛ የምትደግፈው ረዳት እየመራችው ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጽፋል ተባለ። ረዳቷ ያላየችውንና ያልሰማችውን ነገር ለእሱ ብቻ አሳይተው ሲጠይቁት ግን መመለስ አልቻለም፤ ቃሉ የእሷ ነበር። እሷም አልዋሸችም፤ ፍቅርና ጉጉት እጇን ሳታውቀው ይመሩት ነበር። ስለዚህ የአስታማሚ ቃል የሚናቅም፣ ሳይፈተን የሚታመንም አይደለም። ምን አየሽ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ሳትጠሪውስ ይህንኑ ያደርጋል ወይ ተብሎ ሊጠየቅና ሊጻፍ የሚገባው ምስክርነት ነው።

ሰው ይኑር አይኑር ካልታወቀ እንዳለ አድርጎ መያዝ የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ይህ ግዴታ ደግሞ ከሕመም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ስኮት ራውትሊ የተባለ ካናዳዊ፣ ከ12 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በዚያው የአንጎል ምርመራ ያምሃል ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ አያመኝም ብሎ መለሰ። ዓለም ያንን መልስ በመገረም ተቀበለው። ወሎ ውስጥ በሽተኛ አልጋ አጠገብ የሚቆም ሰው የሚጠይቀውም መጀመሪያ «አመመህ?» ብሎ ነው። ነፍሱን አያውቅም የተባለ ሰው የአልጋ ቁስሉ ሲታጠብ፣ ስብራቱ ሲታሰር፣ አክታው በቱቦ ሲሳብ ማስታገሻ ሊነፈገው አይገባም፤ ቢያንስ አሁን ይህን ላደርግህ ነው ሊባል ይገባል። ባህላችን በዚህ በኩል ከሆስፒታሉ ይቀድማል። ቀሳውስቱ ጸሎት የሚያደርሱት፣ ሼሆቹ የሚቀሩት በጆሮው ነው፤ ጠያቂው ሁሉ «አብሽር» የሚለው ለእሱ ነው፤ ይሰማኛል ብሎ ነው። ከዚያ ግን እዚያው አልጋው ላይ ተጎንብሰን ለቅሬው (ለእድሩ) ይነገር ወይ፣ አስከሬኑ በምን ይጓጓዛል፣ መሬቱን ማን ይረሰው እያልን እንማከራለን። በአንድ አፍ አብሽር ያልነውን ሰው በሌላው አፍ እየቀበርነው ነው። ምክሩ የማይቀር ከሆነ ውጭ ወጥቶ መምከር ይቻላል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የእጥረት ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው፤ ሙያው ገና ወጣት ነው። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ተዘርፏል፤ የጠፋውን ዕቃ መተካት የዓመታት ሥራ ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋና የመተንፈሻ ማሽን በቁጥር ናቸው። የማይነቃ የሚመስለውን ይዘን ሊድን የሚችለውን በሩ ላይ እናስቀር ወይ? እላለሁ፣ አይደለም። አንዱን ማሽን ለሁለት መስጠት አይቻልም፤ አንዳንድ ጊዜ ምርጫው ይደረጋል፣ ሐኪሙም ሊወቀስበት አይገባም። የምጠይቀው ምርጫው በራሱ ስም እንዲጠራ ነው። «ማሽኑ አንድ ነው፣ የዚያኛው ዕድል ይበልጣል» የሚል ምክንያት መራር ቢሆንም እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ሊከራከርበት፣ ሌላ ሆስፒታል ሊፈልግ፣ መንግሥትም ተጨማሪ ማሽን ሊጠየቅበት ይችላል። «እሱማ አልቆለታል» ሲባል ግን ጉድለቱ ከሆስፒታሉ ወደ ታካሚው ይዞራል፤ ማንም የሚጠየቅበት አይኖርም። ይህ ፈተና የድሃ አገር ብቻም አይደለም። በካናዳ 6 የአደጋ ሕክምና ማዕከላት 720 ከባድ የጭንቅላት ጉዳተኞች የተጠኑበት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሥራ፣ ከሞቱት ከአሥሩ ሰባቱ የሞቱት ሕይወት የሚያቆየው ሕክምና እንዲቋረጥ ከተወሰነ በኋላ መሆኑን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ። አይድኑም የተባሉት ሕክምናው ተቋረጠባቸው፤ ስለተቋረጠም አልዳኑም፤ ትንቢቱ ራሱን ፈጸመ። በእኛ ዘንድ ይህን የሚፈጽመው ብዙ ጊዜ የሐኪም ትእዛዝ አይሆንም። ገንዘቡ ያለቀበት ቤተሰብ «ቤታችን ወስደን የሚሆነውን እንይ» ብሎ ሲፈርም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚሁ ፊርማ ይነሳል፤ ተስፋ ሰጥታችሁ በሬውን ታሸጡታላችሁ የሚል ነው። ልክ ነው፤ የውሸት ተስፋ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያሳምሩ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ፣ ጉዳት በደረሰባቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተመረመሩ 104 ታካሚዎች 16ቱ ድብቅ ንቃት ተገኝቶባቸው ነበር። ከዓመት በኋላ ከእነዚህ ውስጥ 44 በመቶው በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ያለ ረዳት መቆየት ቻሉ፤ ንቃት ካልተገኘባቸው የቻሉት 14 በመቶ ናቸው። የተሰወረ ንቃት መኖሩ መዳን ማለት አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያ አልደረሱም። አለመገኘቱም ሞት ማለት አይደለም። ለቤተሰብ ይህንን እንዳለ መንገር ይቻላል፤ ገበሬ በዝናብ ላይ ሲዘራ ከዚህ የባሰ ጥርጣሬ ይዞ ይወስናል። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ጉዳቱ ከደረሰ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ለሁሉም ታካሚ ተስፋ እንደሌለ የሚያስመስል ንግግር እንዲቀር አሳስቧል። ይህ ምክር አንድም ብር አያስወጣም።

በዚያ ዓይነት ሰውነት ውስጥ ሕሊና ካለ እንዲያውም እኛ አለማወቃችን ይሻላል፣ አግኝቶ መተው ጭካኔ ነው የሚሉም አሉ። ርኅራኄያቸውን አከብራለሁ፤ ግን እኛ ባናውቀው የሚቀርለት ሥቃይ የለም፣ የሚቀርበት የሚያዋየው ሰው ብቻ ነው። ከዓይን በቀር መላ አካላቸው የታሰረባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ አንድ ጥናት ስለ ሕይወታቸው ተጠይቀው ነበር፤ ከ65ቱ 47ቱ ደስተኛ ነኝ ሲሉ 18ቱ አይደለሁም ብለዋል። እነዚህ በዓይናቸው መነጋገር የሚችሉ ስለሆኑ በዝምታ የተቀበረውን ሰው አይወክሉም። የሚያሳዩት ግን ከአልጋው ውጭ የቆመ ጤነኛ ሰው በታሰረው ምትክ «እኔ ብሆን ሞት ይሻለኝ ነበር» ብሎ መፍረድ እንደማይችል ነው።

አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ታካሚ በመጨረሻ የሚገኘው በሆስፒታል አይደለም። በአምባሰል ወይም በቃሉ ገጠር፣ በአንድ ቤት መደብ ላይ፣ አጥሚት በቱቦ እየተሰጠው ነው። ሆስፒታሉ ከሸኘው በኋላ ማንም ተመልሶ አይመረምረውም፤ የጻፉበት ቃል እንደተጻፈ ይቀራል። የአሜሪካው ቴሪ ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1984 በመኪና አደጋ ተጎድቶ እናቱን የጠራው በ2003 ነው፤ በ19ኙ ዓመታት ቤተሰቡ ይመርመርልን ቢልም አልተሳካለትም ነበር። በእኛ አገር ቤት ለቤት የምትሄድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ሕፃን ትመዝናለች፣ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ታስተምራለች። ለዚህ ሰውም በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ አንዲት ትንሽ መስታወት ይዛ ልትገባ ትችላለች። እናቱን በምን ስም እንደምትጠራው ትጠይቃታለች፤ በዚያ ስም፣ በዚያ ቋንቋ፣ በቀኝ ጆሮው፣ ከዚያም በግራው ትጠራዋለች፤ መስታወቱን ፊቱ ላይ ይዛ በቀስታ ትወስደዋለች፤ አራት ጊዜ ጠይቃ ስንቱን እንደመለሰ ትጽፋለች። ዓይኑ ከተከተለ ወረቀቱ ወደ ደሴ ይመለሳል።